ወዳጅን ከጠላት ስለ መለየት፤ የአንድ አትክልተኛ አሳብ

በየክልሉና በየወረዳው የእርሻን ሥራ የምትመሩ ክቡራን ሹማምንት ሆይ፤

ከዚህ በታች የምጽፈው አሳብ የተነሣው በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ በአንዲት ትንሽ የአትክልት ቦታ ብዙ ዓመት ጎንበስ ብዬ ስኮተኩት፣ ሳርምና ውሃ ሳጠጣ ካየሁት ነገር ነው። በቦታዪቱ ጎመን፣ ድንች፣ ቀይ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ አበቅላለሁ። ትንሽ ናትና ስለ እርስዋ መጻፍ ለትልቅ አገር ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን በሰፊው እርሻ ላይ የሚደርሰው ሁሉ በትንሿም ቦታ ይደርሳል፤ የዝናቡ መዘግየት፣ ውርጩ፣ በረዶው፣ ተባዩና አውሬው አንዱም አልቀረላትም። ደግሞም ትንሽ ቦታ የያዘ ሰው ከማለዳ እስከ ማታ ያንኑ መሬት ስለሚያይ፣ በሰፊው መሬት ላይ ተበትኖ የማይታየውን ነገር በቅርብ ያየዋል።

አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው። በእርሻችን ላይ ከሚደርሰው ጥፋት ብዙው የሚመጣው ከጠላት ኀይል ብቻ አይደለም። እኛ ራሳችን ወዳጃችንን በጠላት ስም ስለምናጠፋ፣ ደግሞም ለአንዱ ስፍራ የሚስማማውን ትእዛዝ ሳንመረምር ለሁሉም ስፍራ ስለምናወጣ ጭምር ነው። ይህንንም ከአየር ጠባይ ጀምሬ በየተራው ላስረዳ።

ዝናብን በሚመለከት፣ አባቶቻችን ወሩን ቆጥረው ይዘሩ ነበር። በልግ በየካቲት ይገባል፣ ክረምት በሰኔ ይጀምራል፣ በመስከረም ይወጣል እያሉ ሥራቸውን በዚያ ልክ ያደላድሉ ነበር። እኔም ዝናብ የጣለበትን ቀን በደብተር እየጻፍሁ መያዝ ከጀመርሁ ወዲህ ያስተዋልሁት፣ ወር መቁጠር ብቻውን እንደማይበቃ ነው። በልጉ አንዳንድ ዓመት በጊዜው ይመጣል፤ አንዳንድ ዓመት ለአንድ ሳምንት ታይቶ ዘሩ ከበቀለ በኋላ ይጠፋል፤ አንዳንድ ዓመትም ፈጽሞ ይቀራል። ምክንያቱም ከእኛ ሰማይ ርቆ የሚገኝ መሆኑን የአየር ጠባይ ሊቃውንት አስረድተዋል። ፓስፊክ የተባለው ውቅያኖስ ከወትሮው ሲሞቅ፣ ኤል ኒኞ ብለው የሚጠሩት ነገር ይሆናል፤ ያን ጊዜም በአገራችን በብዙ ቦታ የክረምቱ ዝናብ ይጎድላል። የ2007 ዓ.ም. ክረምት በዚሁ ምክንያት ሳይሰጥ ቀርቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ከዚያም በኋላ ከ2013 ዓ.ም. እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡቡና በምሥራቁ የአገራችን ክፍል፣ በቦረናና በሶማሌ ምድር፣ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ከሽፈው እጅግ ብዙ ከብት አለቀ።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ነገር አስቀድሞ ምልክት የሌለው አይደለም። ከየዝናቡ ወራት በፊት የአየር ጠባይ ትንበያ ይወጣል። ትንበያው ግን በወረዳው ጽሕፈት ቤት በመዝገብ ውስጥ ቢቀመጥ ለገበሬው አይጠቅምም። በገበያ ቀን በገበሬው ቋንቋ ቢነገር፣ ዝናቡ ያጥራል በተባለበት ዓመት ቶሎ የሚደርሰውን ገብስ እንዲዘራ፣ ድንቹንም በአንድ ጊዜ ሁሉንም እንዳይተክል ሊመከር ይችላል። ትንበያ አንዳንድ ጊዜ ይስታል፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ በሚስት ምክር መተዳደር፣ ያለ ምንም ምክር ከመተዳደር ይሻላል።

ስለ ውርጭም እንደዚሁ ነው። በእኛ ደጋ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ውርጭ ወርዶ የድንቹን ቅጠል አጥቁሮ ያድራል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቍጣ ብቻ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ውርጭ የራሱ መንገድ አለው። ደመና በሌለበት ሌሊት ምድር በቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትሰዳለች። የቀዘቀዘውም አየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ተዳፋቱን ተከትሎ ወደ ረባዳው ይወርድና በዚያ ይተኛል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት ዓመት ሙሉ ድንቼን በረባዳው ላይ ተከልሁ፤ ሦስቱንም ዓመት ውርጭ ወሰደው። በአራተኛው ዓመት ወደ ተዳፋቱ ወገብ ባወጣው፣ ከታች ያለው የጎረቤቴ ድንች ሲጠቁር የእኔው አረንጓዴ ሆኖ አደረ። ደግሞም ውርጭ በሚያሰጋበት ዕለት መሬቱን በቀን ውሃ ማጠጣት፣ ችግኙንም ማታ በጭድ መሸፈን ይጠቅማል፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ሙቀት ይይዛልና። ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም፤ የሚነግር ሰው ብቻ ይፈልጋል።

አሁን ደግሞ ወደ አራዊቱ ልመለስ። የአትክልት ቦታ ጠላቶች የሚባሉት ብዙ ናቸው። ጃርት በሌሊት ገብቶ ድንቹን ይቈፍራል፤ ፍልፈል ከምድር በታች ሥሩን ይበላል፤ አይጥ ዘሩንም ጎተራውንም አይምርም። እነዚህ ጉዳት የሚያደርሱ መሆናቸውን አልክድም። ነገር ግን እነዚህን ከሚቀንሱልን ወዳጆች አንዱ ጉጉት መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን? ጉጉት በቤት ጣሪያ ላይ ሲጮህ ሞት ይጠራል እየተባለ በድንጋይ ይባረራል፤ ልጆችም ጫጩቶቹን ይገድላሉ። እርሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ አይጥ ሲያድን የሚያድር የማይከፈለው ዘበኛ ነው። ጭልፊትም በቀን ይህንኑ ይሠራል። አንድ ጊዜ በሰፈራችን አይጥ በዛ ተብሎ መርዝ የተቀላቀለበት እህል በየማሳው ተበተነ። አይጡ ሞተ፤ የሞተውንና ለሞት የተቃረበውን አይጥ የበሉት ጭልፊቶችም ወድቀው ተገኙ። በሚቀጥለው ዓመት አይጡ ከፊተኛው ይልቅ በዛ፤ አይጥ ቶሎ ይወልዳልና፣ ጭልፊት ግን በዓመት የሚያሳድገው ጫጩት ጥቂት ነውና።

ከእኛ ብዙ በማይርቀው በመንዝ፣ ጓሳ በተባለው ከፍተኛ ምድር ላይ፣ በዓለም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ምግቡ አብዛኛው የአይጥ ወገን ነው። በአገሩ ሁሉ የቀረው ቍጥር ከ500 እንደማይበልጥ የሚያጠኑት ሰዎች ይገምታሉ። የሚገድለውም የገበሬው ጥይት ብቻ ሳይሆን፣ ከመንደር ውሻ የሚጋባበት የእብደት በሽታ ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ያለ ሹም ውሾች እንዲከተቡ ቢያደርግ፣ ቀበሮውን፣ ውሻውንና የገበሬውን ልጅ በአንድ መርፌ ያድናል ማለት ነው።

ስለ ጓሳ ከተነሣ አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። የመንዝ አባቶች ይህን ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በራሳቸው ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር እስኪደርስ ድረስ ምድሩ ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል፤ በዚያን ጊዜ ከብት የሚያስገባ ወይም ሣር የሚያጭድ ሰው ይቀጣል፤ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ ያዘጋጀውም ሰው ስለ ጓሳ ክፉ አላሰበም፤ ለአገሩ ሁሉ አንድ ትእዛዝ አወጣ እንጂ። ነገር ግን የጥንቱ ባለቤት ተነሥቶ አዲስ ጠባቂ ስላልቆመ ሣሩም ቍጥቋጦውም ተጎዳ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሕዝቡ ራሱ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቆመው። ከዚህ የምንማረው፣ ከላይ የሚወጣ ትእዛዝ በጎ አሳብ ይዞ ሳለ እንኳ፣ በስፍራው ያለውን የቆየ ጥበብ ካላየ ሊያፈርሰው እንደሚችል ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር በሌላው ላይ ብቻ ጣቴን የምቀስር እንዳልመስል፣ የገዛ ራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ።

አንድ ዓመት በመስከረም መጨረሻ፣ ለዘር ብዬ የተውሁት ጎመን አበባ አውጥቶ ሳለ ክሽክሽ ወረረው። በገበያ መድኃኒት ሻጭ ዘንድ ሄጄ፣ ከትልቅ ዕቃ ተቀድቶ በውሃ መጠጫ ጠርሙስ የተሞላ፣ ጽሕፈት የሌለበት የተባይ መድኃኒት ገዛሁ። መጠኑን ስጠይቅ ሻጩ «በዐይንህ መጥነህ ጨምር» አለኝ። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ጎመኑንና ከአጠገቡ ዘግይቼ የዘራሁትን አበባ ላይ ያለ ባቄላ በሙሉ ረጨሁ። ክሽክሹ ረገፈ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ከቦታዬ በላይ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉኝ፤ እማማ ብዬ የምጠራቸው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በጓሯቸው ባሉት ሰባት ቀፎዎች ነበር። ወሩም አደይ አበባ ሜዳውን የሸፈነበት፣ ንብ ለጥቅምትና ለኅዳር ማር የምትሠራበት ነበር። በሦስተኛው ቀን እማማ በነጠላቸው ጫፍ አንድ ነገር ቋጥረው ወደ እኔ መጡ። ቋጠሮውን ሲፈቱት በሙሉ የሞተ ንብ ነበር። አልተቆጡም፤ አልከሰሱኝም። «ልጄ፣ ጎመንህ ዳነልህ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

የምመልሰው ቃል አጣሁ። ከሰባቱ ቀፎዎች ሦስቱ ፈጽሞ ባዶ ሆኑ፤ ከቀሩትም በዚያ ዓመት የተቆረጠው ማር ለገበያ የሚበቃ አልነበረም። እኔም የልጅ ልጃቸው የትምህርት ወጪ ከዚያ ማር ይወጣ እንደ ነበረ የሰማሁት በኋላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት መንጋ ንብ ገዝቼ ሰጠኋቸው፤ ሦስተኛውን ዛሬም አልከፈልሁም ብዬ እቈጥረዋለሁ።

ጎመኔስ ዳነ? አልዳነም። መድኃኒቱ ክሽክሹን ሲገድል፣ ክሽክሹን የምትበላውን ነጠብጣብ ያለባትን ቀይ ጥንዚዛም አብሮ ገደላት። ክሽክሽ ቶሎ ይራባልና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመለሰ፤ ጠባቂዋ ጥንዚዛ ግን አልነበረችም። ባቄላውም በወትሮው ልክ ፍሬ አልያዘም፤ ባቄላ ንብ ሲጎበኘው ፍሬው ይበረክታልና። እንግዲህ በአንድ ረፋድ የራሴን ጎመን፣ የራሴን ባቄላና የጎረቤቴን ማር አጠፋሁ ማለት ነው።

ይህን ስል መድኃኒት ከቶ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በምሥራቁና በሰሜኑ ምድራችን ላይ በወረደ ጊዜ፣ እንዲህ ያለ መንጋ ከሃያ ዓመት በላይ አልታየም ነበር። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሰፈረ መንጋ 35,000 ሰዎች በቀን የሚመገቡትን ያህል እንደሚበላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አስታውቋል። እንዲህ ያለውን ጠላት በጅራፍና በቆርቆሮ ጩኸት ብቻ ማባረር አይቻልም። ነገር ግን በአንበጣ ጊዜም ቢሆን መድኃኒቱ አንበጣና ንብን አይለይም፤ የሚለየው የሰው ጥንቃቄ ነው። የሚረጭበት ቀን አስቀድሞ ቢነገር ንብ አርቢው ቀፎውን ሊያርቅ ወይም ሊሸፍን ይችላል። ይልቁንም አንበጣው ክንፍ ሳያወጣ፣ ኩብኩባ ሆኖ በምድር ሲሄድ ሳለ ቢያዝ፣ የሚያስፈልገው መድኃኒት እጅግ ያንሳል። ለዚህም በቆላው የሚኖረው ከብት አርቢ ኩብኩባውን ከሁላችን አስቀድሞ ስለሚያየው፣ ወሬውን የሚቀበለው ሹም በቅርቡ ሊኖረው ይገባል።

በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጥቶናል። ይህ ተባይ በቆሎን አብዝቶ ይወዳል፤ የእሳት እራቱም በሌሊት ረዥም መንገድ ይበርራል። በመጀመሪያው ዓመት መድኃኒት ባልተዳረሰበት ስፍራ ገበሬዎች ከነቤተ ሰባቸው ወጥተው እንቍላሉንና ትሉን በእጃቸው እየለቀሙ ብዙ በቆሎ አድነዋል። በየማለዳው ማሳውን የሚያይ ሰው ትሉ በበቆሎው ልብ ውስጥ ሳይደበቅ ይደርስበታል፤ የማያይ ሰው ግን ከደረሰበት በኋላ የሚረጨው መድኃኒት እንኳ ትሉን አያገኘውም። ዐይን ከመድኃኒት ይቀድማል የምለው ስለዚህ ነው።

ከዛፍ ወገንም ወዳጅና ጠላት እንደ ስፍራው ይለያያል። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በገባ ጊዜ፣ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት አድኗታል። ዛሬም በተራቈተ ኮረብታ ላይ ለገበሬው የባንክ ያህል ነው። ነገር ግን ያው ዛፍ ከምንጭ አጠገብና ከእርሻ ድንበር ላይ ሲተከል ውሃውን ይጠጣል፣ የጎረቤትን ገብስ ያቀጭጫል። በእኛ መንደር ባሕር ዛፍ ከተከበበ ወዲህ በጥር የምትነጥፍ አንዲት ምንጭ አለች፤ ቀድሞ ግን እስከ ሚያዝያ ትፈስ ነበር። በምንጭ ራስ ላይ የሚገባው እንደ ወይራና እንደ ዝግባ ያለው የአገር ዛፍ ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአገሩ ሁሉ ችግኝ እየተተከለ መሆኑ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን አትክልተኛ የሚመሰገነው በተከለው ሳይሆን ባጸደቀው ነው። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ በጥር ፀሐይ ላይ ውሃና ከብት ከልካይ ካላገኘ በመጋቢት እንጨት ይሆናል። ስለዚህ በወረዳው መዝገብ ላይ የተተከለው ቍጥር ከተጻፈበት አጠገብ፣ በዓመቱ ቆሞ የተገኘው ቍጥር የሚጻፍበት ሌላ ረድፍ ይጨመር። ሁለተኛው ቍጥር ትንሽ ቢሆን የሚያሳፍር አይደለም፤ በየትኛው ስፍራ የትኛው ዛፍ እንደሚጸድቅ ያስተምራልና። የሚያሳፍረው ሳይቈጠር መቅረቱ ነው።

አሁንም ቃሌን ስጠቀልል፣ እናንተ ክቡራን ሹማምንት በሥልጣናችሁ ልታደርጉት የምትችሉትን አራት ነገር በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የተባይ መድኃኒት ጽሕፈት በሌለበት ጠርሙስ እየተቀዳ በገበያ እንዳይሸጥ ይከልከል፤ ለዚህ የሚሆን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቍጥጥር አዋጅ በቍጥር 674 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷልና አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ መድኃኒት አበባ ላይ ባለ ተክል እንዳይረጭ፣ ግድ በሆነም ጊዜ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ በምሽት እንዲረጭ፣ ንብ ያለውም ጎረቤት አስቀድሞ እንዲያውቅ በየቀበሌው ይነገር። ሦስተኛ፣ አውሬ ወይም ወፍ ይገደል የሚል ትእዛዝ ከመውጣቱ በፊት፣ ያ ፍጥረት ምን እንደሚበላ ከገበሬውም ከባለሙያውም ይጠየቅ። አራተኛ፣ የዝናቡ ትንበያ በገበያ ቀን በአደባባይ ይነበብ።

ለዚህ ሁሉ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሹሙ ከጽሕፈት ቤቱ ወጥቶ በማለዳ በአንድ ማሳ ዳር እንዲቆምና፣ ገበሬውን «ምን አየህ?» ብሎ እንዲጠይቅ ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጥፋት ከመድረሱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ብዙ ነገር ያድናል። እማማ የጠየቁኝን ጥያቄ እኔ የሰማሁት ከረጨሁ በኋላ ነው። እናንተ ግን ማናቸውንም ትእዛዝ ከመፈረማችሁ በፊት ራሳችሁን እንድትጠይቁት እለምናለሁ፤ ይህን ባደርግ ጎመኑ ይድናል ወይ? ከጎመኑስ ጋር የሚጠፋው ምንድር ነው?